ስለ መንገድ ነው የመጣሁት

ቱቦ ውስጥ ወድቄ ነበር ስል ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ማን ይዞህ ነበር?» ብለው ነው። ቱቦውን ማን ከፍቶ እንደተወው የሚጠይቀኝ ከስንት አንድ ነው። ዓይነ ስውር ከወደቀ የወደቀው ስለማያይ ነው፤ ጉዳዩ እዚያው ላይ ያልቃል። ይህን ምስክርነት የምጽፈው እዚያ ላይ ማለቅ ስላልነበረበት ነው።

የምኖረው አዲስ አበባ ዳር ካሉት የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች በአንዱ ነው። ዕጣው ሲደርሰኝ እንደ ብዙ አካል ጉዳተኞች ምድር ቤት ተሰጠኝ። (እውነቱን ለመናገር ደረጃ መውጣት አይቸግረኝም። ያ ቤት ሊፍት በሌለው ሕንፃ ላይ ለዊልቸር ተጠቃሚ ቢሰጥ ይሻል ነበር። ቢሮ ቁጭ ብሎ ለሚመድብ ሰው ግን አካል ጉዳተኛ ሁሉ አንድ ነው።) መንግሥት ያሰበልኝ እስከ በሬ ድረስ ነው። ከበሩ ውጭ ያለውን ማንም አላሰበበትም።

ከሕንፃችን በር እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ አለ። በዚያ መንገድ ዳር የሚሄደው የጎርፍ ቱቦ በኮንክሪት ክዳኖች የተሸፈነ ነው፤ የእግረኛ መንገዳችን የምንለው እነዚያኑ ክዳኖች ነው። ከተማው ውስጥ ብዙ ሰፈር እንደዚሁ ነው፤ ሰው የሚሄደው በቱቦ ጣራ ላይ ነው። አሸዋና ጠጠር የጫነ መኪና ለማራገፍ ሲጠጋ ጎማው ክዳኑ ላይ ይወጣል፤ ክዳኑ ይሰነጠቃል፤ ትንሽ ቆይቶ ይገባል። የብረት የሆነው ደግሞ ሌሊት ተነቅሎ ለቁራሌው ይሸጣል። ክዳን ሲሰረቅ ባለቤቱም አብሮ ይጠፋል፤ የቴሌ ይሁን፣ የፍሳሽ ይሁን፣ የመብራት ይሁን የሚታወቀው ክዳኑ ላይ በተጻፈው ነበርና።

የወደቅሁት በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ነው። ክረምቱ ሳይጠነክር የቱቦ ጠራጊዎች መጥተው ነበር፤ ደለሉን ለማውጣት ክዳኖቹን አነሱ፤ ደለሉን ዳር ዳሩን ከመሩት። ሥራው ሲያልቅ አብዛኛው ክዳን ተመለሰ። ክዳኑ ሲነሳ የተሰበረበት ቦታ ግን ክፍት ቀረ። የሰፈር ልጆች፣ እግዜር ይስጣቸው፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጠው ጉድጓዱ ውስጥ ተከሉ። ሁላችንም የምናውቀው ምልክት ነው፤ ቅጠል የበቀለበት ማንሆል ክዳን የለውም። ምልክቱ የሚያገለግለው ግን ለሚያይ ሰው ነው፤ ያውም ጎርፍ እስኪወስደው።

በነጭ በትር ስንሄድ እንዴት እንደምንሄድ ብዙ ሰው አያውቅም፤ ልንገራችሁ። በትሩን መሬት ለመሬት አንጎትትም። ግራ እግር ሲቀድም የበትሩ ጫፍ ቀኝን ይነካል፤ ቀኝ እግር ሲቀድም ግራን። ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ሲሻገር መሐል ላይ ትንሽ ከፍ ይላል። ደረቅ ቀን ሲሆን ባዶ ነገር ከሩቅ ይሰማል፤ ድምፁ ይለወጣል። የዚያን ቀን ግን ከማጠናከሪያ ትምህርት ስመለስ ዝናቡ ቆርቆሮ ላይ ይወርድ ነበር፤ ጆሮዬ ከዝናቡ በቀር ምንም አልሰጠኝም። በትሩ ግራ ሲል የቱቦውን አንደኛ ግንብ፣ ቀኝ ሲል ሌላኛውን ግንብ ነካ። ሁለቱም ጠጣር ናቸው። በላያቸው ውኃ አለ፤ ውኃ ደግሞ ሁሉም ቦታ ነበር። እግሬ ያረፈው በሁለቱ መሐል ነው።

ቀኝ እጄ ግንቡ ላይ ሲመታ የሰማሁት ድምፅ የክንዴ አጥንት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ያወቅሁት ብርዱን ነው። ውኃው ደረቴ ድረስ ነበር፤ ቆሞም አልነበረም። ቱቦው ቁልቁል ነው የሚሄደው፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ክዳን ደግሞ ተዘግቷል። ጎርፉ እግሬን ወደዚያ፣ ወደተሸፈነው ሥር ይስበኝ ነበር። ጫማዬ የክዳኑን ውስጠኛ ጠርዝ ሲነካ ተሰማኝ። እዚያ ሥር ከገባሁ ከላዬ ኮንክሪት ነው፤ የሚወጣበት የለም። ግራ ክርኔን ግንቡ ላይ ሰቀልሁና በእሱ ተንጠለጠልሁ። በትሬ ወዲያው ሄዷል። «ሰው!» እያልሁ ጮህሁ፤ የራሴን ድምፅ እንኳ ዝናቡ ይውጠው ነበር።

ያተረፈችኝ ማዶ ጃንጥላ ዘርግታ በቆሎ እሸት የምትጠብስ ሴት ናት። እየጮህሁ እንደሆነ አልሰማችም፤ «አሁን እዚህ የነበረው ሰውዬ የት ገባ?» ብላ ነው የመጣችው። ጭቃው ላይ በደረቷ ተኝታ የጃኬቴን ኮሌታ በሁለት እጇ ያዘች። ፊቷ ፊቴ አጠገብ ነበር፤ ከልብሷ የከሰል ጭስ ይሸታል። «ጋሼ፣ እኔ አልለቅዎትም፤ እርስዎም አይልቀቁ» አለችኝ። ይህንኑ ደጋገመችው። ከመሐል ወደ ላይ ቀና እያለች «ኧረ የሰው ያለህ!» ትላለች፤ ተመልሳ ደግሞ «አልለቅዎትም» ትለኛለች። በአቅራቢያው ካለ የግንባታ ቦታ የቀን ሠራተኞች ደርሰው በብብቴ ይዘው እስኪያወጡኝ ድረስ አልለቀቀችም። በኋላ ላመሰግናት ስሄድ ያነሳችብኝ ነገር ቢኖር ምድጃው ላይ ያረሩትን በቆሎዎች ነው፤ ያውም እየሳቀች።

ሆስፒታል የካርድ ክፍሏ ልጅ ምን እንደሆንሁ ጠየቀችኝ። ክፍት ቱቦ ውስጥ እንደገባሁ ነገርኋት። «ማየት ስለማይችሉ ነው አይደል የወደቁት?» አለችና መልሴን ሳትጠብቅ ጻፈች። የተሰበረው ክንድ ስላመመኝ አልተከራከርሁም። የመከራዬ ምክንያት ተብሎ ወረቀት ላይ የሰፈረው ግን ዓይኔ ነው፤ ቱቦው አልተጠቀሰም።

ሁለቱም የክንዴ አጥንቶች ተሰብረው ነበርና በብረት ተጠገኑ። ከስብራቱ የባሰብኝ ጣቴ ነው። ነርቩ ተጎድቶ የቀኝ አመልካች ጣቴ ጫፍ ደነዘዘ። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው። እኔ ግን ብሬል የማነበው በዚያች ጣት ነው፤ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ፣ ማስታወሻዎቼ ሁሉ በብሬል ናቸው። ወረቀቱን ዘርግቼ ጣቴን ሳሳርፍበት ልሙጥ ሆነብኝ። ነጥቦቹ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ራሴ በስታይለስ የወጋኋቸው ናቸው። ጣቴ ግን ምንም አይነግረኝም። በልጅነቴ ብርሃኔን ሳጣ ምን እንደተሰማኝ አላስታውስም፤ በዚያ ሰሞን የተሰማኝን ግን አልረሳውም።

ጠያቂው ብዙ ነበር። «እንኳን እግዜር አወጣህ» የሚለው፣ ስለሚያውቀው ወጌሻ የሚነግረኝ፣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ የሚመጣው። ሁሉም ሲወጣ ግን በር ላይ የሚለው አንድ ነው፤ «ከእንግዲህ ብቻህን እንዳትወጣ።» ለባለቤቴም ለብቻዋ ይነግሯታል። በፍቅር ነው የሚሉት፤ አልጠረጥርም። ነገሩ ሲጠቃለል ግን ቱቦው ክፍት ሆኖ ይቀጥል፣ አንተ ዝጋ ማለት ነው። እኔም ዘጋሁ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ባለቤቴ እያደረሰችኝ፣ ተማሪዎቼ መጽሐፉን እያነበቡልኝ፣ የቀረውን በቃሌ አስተማርሁ። ለትንሿ ነገር ሰው መጠበቅ ለመድሁ። ክንዴ ድኖ በግራ እጄ በትር መያዝ ስለማመድ ደግሞ እግሬ እምቢ አለኝ። ልሙጥ አስፋልት ላይ ቆሜ፣ ከፊቴ ምንም እንደሌለ እያወቅሁ፣ እግሬ አይነሳም። ሰው ይህን ፈሪነት ሊለው ይችላል። እግሬ ግን የሚያውቀውን ያውቃል።

መንገዱ እንዲጠገን ለማመልከት ወደ ወረዳው የሄድሁት የመሠረተ ልማት ጉዳይ የሚታይበትን ክፍል ጠይቄ ነው። በሩ ላይ ያለው ሰው በትሬን ሲያይ እጄን ይዞ፣ ሳይነግረኝ፣ ሌላ ክፍል አስገባኝ። ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ነበር። እዚያ ያለችው ሠራተኛ ትሑት ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ፣ ፎርም አወጣች፣ ስሜን ጻፈች።

«ምን ዓይነት ድጋፍ ፈልገው ነው መምህር?»

«ድጋፍ አይደለም፤ ስለ መንገድ ነው የመጣሁት።»

«አውቃለሁ፣ ግን የአካል ጉዳተኛ ጉዳይ የሚታየው እዚህ ነው።»

መንገዱን አስረዳኋት። ክዳኑን፣ ደለሉን፣ ጎርፉን። አዳመጠችኝ። ሲያልቅ ነጭ በትር ለሚሰጣቸው መዘገበችኝ፤ ለበዓል ዘይትና ዱቄት የሚታደላቸው ዝርዝር ውስጥም አስገባችኝ። ዘይቱ በቀኑ መጣ። አልመለስሁትም፤ በዚያ ዋጋ ዘይት የሚመልስ የለም። ሌላ ጊዜም ሄድሁ፤ እንደገና እዚያው ክፍል ገባሁ። ወንበሩ የት እንዳለ ሳይነግሩኝ የማገኝበት ደረጃ ላይ ደረስሁ።

የማስተምረው ሥነ ዜጋ ስለሆነ ሕጉን ይዤ ልሞግት ሞከርሁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖራቸው እንደሚያዝዝ ለወረዳው ሰዎች ነገርኋቸው። «እሱ ስለ ሕንፃ ነው፤ ስለ መንገድ አይደለም» አሉኝ፤ ልክ ናቸው። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ አንቀጽ 9 መንገድን በስሙ ጠርቶ ተደራሽ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ደግሞ የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። ሁለት አንቀጽ ዘጠኞች ናቸው፤ ተማሪዎቼ ለፈተና አይረሷቸውም። የወረዳው ኃላፊ ሰምቶኝ ሲያበቃ «ትክክል ነው መምህር፤ ኮሪደሩ ሲደርስ ይሠራል» አለኝ።

ስለ ኮሪደር ልማቱ የማምነውን ልናገር። በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ የተሠሩት ዋና ዋና የእግረኛ መንገዶች ሰፊና ደልዳላ ናቸው። አንድ እሑድ ከወዳጄ ጋር ሄጄ ረጅም መንገድ በትሬን ምንም ሳይዝብኝ ተራምጃለሁ፤ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ለመካድ አልችልም። ችግሬ እዚያ ለመድረስ ነው። ሰው የሚኖረው ዋና መንገድ ላይ አይደለም። የዚህ ከተማ ነዋሪ ከሚያደርገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር ነው፤ ያ ጉዞ የሚጀምረው እንደኛ ባለ የውስጥ መንገድ ነው፣ የሚያልቀውም እዚያው።

ነገሩን ያዞረው ዕድራችን ነው። ለዕድሩ የነገርሁት ሌላ በር ስላጣሁ ነበር። በወሩ ስብሰባ ጉዳዩ ሲነሳ አንድ አባል «ይሄ የዕድር ጉዳይ አይደለም፣ እኛ ሟች ነው የምንቀብረው» አለ። ሰው ሳቀ። አንዲት አሮጊት እናት ግን ከኋላ ተነስተው፣ ባለፈው ክረምት አስከሬን ሲሸኝ ከፊት ተሸካሚዎቹ የአንዱ እግር በተሰበረ ክዳን ገብቶ ሳጥኑ እንዴት እንዳዘነበለ አስታወሱ። ሳቁ ቀረ። የዕድሩ ዳኛ «እስቲ በዚያ መንገድ ላይ ወድቆ ወይም ተደናቅፎ የማያውቅ እጁን ያውጣ» አሉ። እኔ እጅ አይታየኝም፤ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «አንድ ወጣት አውጥቶ ነበር፤ እሱም አፍሮ መለሳት» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ማውራት ጀመረ። ማታ መብራት በሄደ ጊዜ የወደቀው፣ ልጅ አዝላ የተንሸራተተችው፣ ጥርሱን ያጣው ጥበቃ። ሁሉም ዓይን ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ደብዳቤው በዕድሩ ማኅተም ወጣ። ከላይ «ጉዳዩ፦ የእግረኛ መንገድ ጥገናን ይመለከታል» ይላል። የኔ ስም በፊርማው መሐል አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ዓይነ ስውር የሚል ቃል የለበትም፤ እንዳይገባ የለመንሁት እኔ ነኝ። ያ ደብዳቤ በቀጥታ መሠረተ ልማት ክፍል ገባ። መሐንዲስም ተመደበ።

ከዕድሩ ኮሚቴ አንዱ መሐንዲሱ ሲመጣ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍነን እናስኪደው የሚል ሐሳብ አመጣ። ተቃወምሁ። ዓይኑ ለአምስት ደቂቃ የተሸፈነ ሰው የሚማረው መፍራትን ብቻ ነው፤ ከዚያ አዝኖልን ይሄዳል። ይልቅ ሜትር ይያዝ አልሁ። ያዘ። መንገዱ ዳር ባለ ሱቅ በር ላይ በተደረደሩት የለስላሳ ሳጥኖችና በመብራት ምሰሶው መሐል ያለውን ለካ፤ 60 ሴንቲሜትር ወጣ። ዊልቸር ለማለፍ ቢያንስ 90 ይፈልጋል። የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ ለካ። ቁጥሩን ሲጽፍ ጎረቤቴ፣ ሞባይል የሚጠግነው ባለ ዊልቸር ልጅ፣ «እንግዲህ ቲቸር፣ ሰውየው አሁን ገባው» አለኝ።

ከዚህ ልጅ ጋር ግን እኔው ራሴ ተጣላሁ። እሱ ጠርዙ ከአስፋልቱ ጋር እኩል እንዲሆን ይፈልጋል፤ ትንሽ ከፍታ ብትኖር እንኳ የፊት ጎማው ይያዛል። እኔ ደግሞ የእግረኛ መንገድ አልቆ የመኪናው መጀመሩን የሚነግረኝ ያ ጠርዝ ነው፤ ከጠፋ ሳላውቀው መኪና ውስጥ እገባለሁ። «አንተ ስለማትራመድ ነው» አልሁት፤ «አንተ ደግሞ ስለማታይ» አለኝ። ተኮራርፈን ሰነበትን። ጠቡ የኛ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሌላ አገርም ዓይነ ስውራንና ዊልቸር ተጠቃሚዎች በዚህ ተከራክረዋል። ጃፓናዊው ሴይቺ ሚያኬ በእግርና በበትር የሚለይ እብጠት ያለው ንጣፍ ሠርቶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ኦካያማ ከተማ ላይ ካስነጠፈው ወዲህ መልሱ አለ፤ ጠርዙን ዝቅ አድርግ፣ ዝቅ ባለበት ላይ የሚቆረቁር ንጣፍ አኑር።

ለጥገናው በተያዘው በጀት ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ንጣፍ አልነበረም። መላውን ያመጣው ለሥራው የመጣው ኮብልስቶን አንጣፊ ነው፤ ልሙጡ ተዳፋት ከማለቁ በፊት ሁለት ረድፍ ኮብልስቶን ልቅበርላችሁ አለ። ኮብልስቶን የዊልቸር ጠላት ነው፤ ሰውነቱን ያንቀጠቅጠዋል። ልጁ አሰበና «ሁለት ረድፍ እሺ። ሦስተኛ ካየሁ ግን በመዶሻ እነቅለዋለሁ» አለ። ተዳፋቱ በአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት እንዲኖረው ተስማማን፤ 15 ሴንቲሜትር ለሆነ ጠርዝ አንድ ሜትር ከሰማንያ ማለት ነው። አንጣፊው «ይሄ ሁሉ ለምን?» ብሎ አጭር አድርጎ ጀምሮት ነበር። ልጁ ዊልቸሩን አምጥቶ ወደ ኋላ ሊገለበጥበት ሲል አየና አፈረሰው።

የሰፈር መንገዶች ኮብልስቶን ሲነጠፉ እንደተደረገው ወጪውን ነዋሪውና መንግሥት ተጋርተውት፣ ከሕንፃችን በር እስከ ታክሲ መያዣው ያለው አንደኛው ወገን ተሠርቷል። ክዳኖቹ በብረት የተጠናከሩ ናቸው፤ ሳይሰበሩ በመንጠቆ የሚነሱበት ቀዳዳ አላቸው። በዚያ በኩል ብቻዬን እሄዳለሁ። የጣቴ ጫፍም እየተመለሰ ነው፤ የቀድሞውን ያህል ፈጣን አይደለም፣ ግን ያነባል። ባለ ሱቁ ሳጥኖቹን አስገብቶ ነበር፤ አሁን ቀስ በቀስ እያወጣቸው ነው፣ በበትሬ እነካቸውና «እደግ» እለዋለሁ፣ ያስገባቸዋል። መኪናውን ክዳኑ ላይ ከሚያቆም ጎረቤት ጋር ግን ገና አልተግባባንም።

የቀረን ትልቁ ጉዳይ የመብራት ምሰሶው ነው። ደጋፊ ሽቦው በሰያፍ ወርዶ የሚያልፈው ግንባሬ ትክክል ላይ ነው፤ በትር ደግሞ መሬት ነው የሚፈትሸው፣ ሽቦን አያገኝም። ምሰሶው ይዛወርልን ብለን ስንጽፍ ባለቤቱ መሥሪያ ቤት የማዛወሪያ ግምት ልኮ ዕድሩ እንዲከፍል ጠየቀ። ስብሰባው ለሁለት ተከፍሏል፤ ከፍለን እንገላገል የሚሉት ይበዛሉ። እኔ አይከፈል ከሚሉት ጋር ነኝ። መንገዳችን ላይ የተከሉት እነሱ ናቸው፤ ዛሬ ለዚህ ከከፈልን ነገ ለእያንዳንዱ ክዳን ደረሰኝ ይቆርጡልናል። በሚቀጥለው ወር ድምፅ ይሰጥበታል፤ እስከዚያው ልጆቹ ሽቦው ላይ ባዶ ጄሪካን ሰቅለውበታል፣ ነፋስ ሲነካው ይንኳኳል።